ከዳንግላ ወደ ደብረ ማርቆስ፦ የሁለት ዛፎች ብዜት

ከዳንግላ እንደወጣን የመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ተሞላ። የአዊ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ሲደርስ ቆርጦ ያከስለውና መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። እኔ ደብተሬ ላይ ሌላ ዓይነት ዛፍ እየሣልኩ ነበር፤ በየአንጓው አራት ቅርንጫፍ የሚገናኝበት፣ ማለቂያ የሌለው፣ የትም ዞሮ የማይገጥም።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት።

«የሒሳብ ነው አባቴ። ግሩፕ የምንለው፣ ማለትም ተከታትለው የሚደረጉና ወደኋላም የሚመለሱ እንቅስቃሴዎች ስብስብ፣ አንዳንዴ ከሩቅ ሲያዩት እንዲህ ይመስላል።»

በመስኮቱ አመለከቱኝ። «ያም ከመንገድ ሲያዩት አንድ ደን ነው። የማን ማሳ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን ባለቤቱ ያውቃል።»

ለነገሩ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ዝርዝሩን ትተን ሰፊውን ቅርጽ ብቻ ብናይ፣ ስለ ግሩፑ ምን ያህል እናውቃለን? ለአንድ ዛፍ መልሱ ያረካል። ከሒሳብ ሊቃውንቱ ከስቶሊንግስና ከደንውዲ ሥራዎች እንደምንረዳው፣ ከሩቅ ዛፍ የሚመስል ግሩፕ ውስጥ፣ ቁጥራቸው ውሱን በሆነ ቅጂዎቹ መላውን የሚሸፍን ነፃ ንዑስ ግሩፕ፣ ማለትም መነሻ እንቅስቃሴዎቹ በምንም ሕግ ያልተሳሰሩ ውስጠኛ ግሩፕ አለ።

እንጅባራ ምሳ በላን። የዘንገናን ሐይቅ ሳናይ ማለፋችን ያሳዝናል።

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ሐሳቤ ሁሉ የሁለት ዛፎች ብዜት ላይ ነበር። እዚያ አንድ ነጥብ ማለት ከአንዱ ዛፍ አንድ ቦታ፣ ከሌላውም አንድ ቦታ ይዞ የተጣመረ ጥንድ ነው። ክላይነርና ሊብ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ መሠረት፣ ይህን ቅርጽ በግምት የሚጠብቅ ለውጥ ሁለቱን ዛፎች አይደባልቅም፤ ለየብቻ ይወስዳቸዋል፣ አለዚያም ቦታ ያለዋውጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሞሸር፣ ሳጊቭና ዋይት ደግሞ በእንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ያለ ግምታዊ እንቅስቃሴ ወደ ትክክለኛ እንቅስቃሴ እንደሚቃና አሳዩ፤ ዛፉ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ቅርጹ እንዲህ ጸንቶ መያዙ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አልጀብራው ጋ ስንደርስ ግን ጽናቱ ይላላል። የሁለት ነፃ ግሩፖች ብዜት ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ ኖርማል ንዑስ ግሩፖቹም፣ ማለትም ግሩፑን ልናካፍልባቸው የምንችል ውስጠኛ ግሩፖች፣ ስፍር ቁጥር የላቸውም። በርገርና ሞዜስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ ግን በዛፎች ብዜት ላይ የሚንቀሳቀሱ ሲምፕል ግሩፖችን ሠሩ፤ ከራሳቸውና ምንም የማያንቀሳቅሰውን አባል ብቻ ከያዘው በቀር ኖርማል ንዑስ ግሩፕ የላቸውም። እነዚህን ሁለት ተቃራኒዎች ከሩቅ የሚለያቸው ምንም የለም! ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንደ አዲስ እገረማለሁ።

የበርገርና የሞዜስ ግሩፖች የሚገነቡት ቁጥራቸው ውሱን የሆነ ካሬዎችን ጠርዝ ለጠርዝ በማጋጠም ነው። አዛውንቱ ደምበጫ ወረዱ፤ እኔም እስከ ደብረ ማርቆስ ካሬዎቹን እየሣልኩ፣ የትኛው ጠርዝ ከየትኛው እንደሚገጥም አንድ በአንድ ስከተል ቆየሁ።