ያበራሁት ቁጥር

ነገሩ የደረሰው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ የድሮ መኪኖችን ተረክቦ በኮሚሽን የሚሸጥ ጋራዥ በተቀጠርኩ በአራተኛው ወር ነው። አንድ ጠዋት የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ኤስኤስ 396፣ ኃይለኛ ሞተር ያላት የሼቬል ዓይነት፣ በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ከአዲስነቷ ጀምሮ የነዷት ሽማግሌ አርፈዋል። ሚስታቸው መንዳት አቁመዋል፣ ልጃቸው ደግሞ ማቆሚያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ትሸጥ ተባለ። የተገጣጠመችው እዚያው ባልቲሞር፣ ከ1935 እስከ 2005 ሲሠራ በኖረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ነው፤ ከተወለደችበት ሳትርቅ ነው ያረጀችው።

በነገራችን ላይ፣ ስሟ 396 ይባል እንጂ በዚያ ዓመት ሞተሩ 402 ኪዩቢክ ኢንች ደርሶ ነበር። ገበያው የለመደው ስም ስለሆነ እንዳለ ተዉት።

የእኔ ሥራ ፎቶ ከመነሳቷ በፊት የኮፈኑን ሥር ማጽዳት ነበር። አለቃዬ «የሞተሩ ቁጥር በደንብ ይታይ» ብሎኝ ወጣ። ቁጥሩ ያለው ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከቴስታታው ሥር፣ ዲናሞው በሸፈነው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ግራሶና ዝገት ተጋግሮበታል። በጨርቅ ሞከርኩ፣ አልለቀቀም። ድሪል ላይ ክብ ብርጭቆ ወረቀት ገጠምኩና ሁለቴ አስነካሁት። ብረቱ እንደ አዲስ ማንኪያ አበራ። እውነቱን ለመናገር፣ በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

የመጀመሪያው ገዢ ከፔንስልቬንያ መጣ። ስለ ቀለሙም ስለ ወንበሩም አንድ ቃል አልጠየቀም። ከኪሱ የጥርስ ሐኪም የሚይዛት ዓይነት መስታወት አውጥቶ፣ በባትሪ እያበራ ከዲናሞው ኋላ አጎንብሶ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ይህንን ማን ነው የፋቀው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ አሁንም ምስጋና እየጠበቅሁ።

ሰውየው ለአለቃዬ ሲያስረዳ ነው ጉዱ የገባኝ። ፋብሪካው ያንን የብረት ገጽ ሲያስተካክለው መሣሪያው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች ይተዋል። ቁጥሩ የሚመታው በእነሱ ላይ ነው። ሌላ ሞተር አስገብተው ዋናው ነው ለማለት የሚፈልጉ አጭበርባሪዎች የድሮውን ቁጥር ፍቀው ሐሰተኛ ይመታሉ፤ ቁጥር መምታት ቀላል ነው፣ መስመሮቹን መመለስ ግን ይከብዳል። እኔ ቁጥሩን አላጠፋሁትም፣ ሳስቶ ይነበባል። መስመሮቹ ግን የሉም። ያ ሰው ሐቀኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት ነገር አጣ፤ ዋጋውን በ9,000 ዶላር ቀንሶ ጠራ። አለቃዬ እንቢ ሲለው ሄደ።

የባሰው ደግሞ፣ በ1970 ሼቬል የሻንሲ ቁጥር ላይ ኤስኤስ የሚባል ነገር አይነበብም። ቁጥሩ የሚለው ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ማሊቡ የሚባል የሼቬል ዓይነት መሆኗን ብቻ ነው። ኤስኤስ መሆኗን የሚመሰክረው ሞተሩና ወረቀት ናቸው። ሞተሩን አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በጋራዡ ውስጥ ጋሼ የምለው አንድ አንጋፋ መካኒክ አለ፤ እሱም እንደኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሻይ እየጠጣ፣ «አገር ቤት ሳለህ የሞተር ቁጥር ላይ ድሪል ታስጠጋ ነበር?» አለኝ።

«ኧረ በፍጹም! መኪና ሲሸጥ ከሊብሬው ጋር ሲያመሳክሩት...»

«ታዲያ እዚህ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ የለም ብለህ ነው የደፈርከው?»

መልስ አልነበረኝም። ቁርጡን አወቅሁ፣ ግን ለሴትዮዋ መንገር ቀረ። አለቃዬ «እኔ እነግራቸዋለሁ» ቢለኝም ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ። አልተቆጡም። «እሱ እኮ እዚያ ቦታ ጨርቅ እንኳ አያስነካም ነበር» ብቻ አሉኝ። ከስድብ ይልቅ እሷ ከነከነችኝ።

ከዚያ ተነስተው፣ የእኛ እናቶች መርፌና ክር የሚያኖሩባትን ዓይነት የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። የዘይት መለወጫ ደረሰኞች፣ የጎማ ደረሰኝ፣ ከሥር ደግሞ የዋስትና ደብተሩ። ሽፋኑን ሲገልጡት ውስጡ ላይ ፋብሪካው ከመኪናው ጋር የሚሰጣት ትንሽ ብረት ተለጥፋለች። የሻንሲው ቁጥርና ሞተሩን የሚለዩት ሦስት ፊደላት ተቀርጸውባታል። ፊደላቱ ሞተሩ ላይ ከቀሩት ጋር አንድ ናቸው። ልጃቸው ይቺን ደብተር ከአሮጌ ወረቀት ጋር ሊጥላት ነበር አሉ።

ጋሼ የነዳጅ ታንኩን አውርዶ፣ በፋብሪካ አንዳንዴ ከላዩ የሚተዉትን የመገጣጠሚያ ወረቀት ፈለገ። ነበረ፣ ግማሹን አይጥ በልታዋለች።

ሼቬሏ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሸጠች፣ ቤተሰቡ ካሰበው በ3,000 ዶላር ዝቅ ብሎ። ልዩነቱን አለቃዬ ከኮሚሽኑ ቻለው። ከደሞዜ አልቆረጠም፤ ግን የሚገባ መኪና ሁሉ ማንም ሳይነካው መጀመሪያ ፎቶ እንዲነሳ አዘዘ፣ አንሺውም እኔ ሆንኩ። ጋሼ እስከ ዛሬ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ካየኝ «ዛሬ ደግሞ የማንን ሊብሬ ልታጠፋ ነው?» ይለኛል።