የክላን መጋረጃዎች

ክላን የምትባል የእንግሊዝ ገጠር ትንሽ ከተማ የደረስኩት በኅዳር ነው። ከለንደን በባቡር ተነስቼ፣ አንድ ጊዜ ቀይሬ፣ ክሬቨን አርምስ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ወረድኩ። የቀረው 15 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነው። የአሠሪዬ ልጅ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። መንገዱ እየጠበበ ሄደ። ግራና ቀኙ ከመኪናው የሚረዝም የቁጥቋጦ አጥር ስለሆነ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ከፊት መኪና ሲመጣ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ጥግ ይይዛል። ሌላው እጁን አንስቶ አመስግኖ ያልፋል። ክላክስ የሚባል ነገር አልሰማሁም።

ሥራዬ እንግሊዝ ያለ አበሻ በአጭሩ «ኬር» የሚለው ነው። የ91 ዓመት እናት ቤት አብሬ እየኖርኩ መንከባከብ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። የጎረቤት ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጠሯቸው በስማቸው ነው። እኔ ግን ምላሴ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ይህንኑ ነገርኳቸውና «እማማ» ልበልዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ትርጉሙን ሳስረዳቸው ፊታቸው በራ። በዚህ ጽሑፍም እማማ እላቸዋለሁ።

ክላን በምዕራብ እንግሊዝ፣ ሽሮፕሸር በሚባለው አውራጃ፣ ለዌልስ ድንበር ቅርብ ናት። ከተማ ትባላለች እንጂ ነዋሪዋ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ኮረብታው ላይ ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች የሠሩት፣ አሁን የፈረሰ ግንብ አለ። ከሥሩ ክላን የሚባለው ወንዝ ያልፋል። ወንዙ ላይ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። የአገሩ ሰው «የክላንን ድልድይ የተሻገረ ከሄደበት ብልህ ሆኖ ይመለሳል» ይላል። ሌላም የቆየ አባባል አላቸው። ክላንን፣ ክላንተንን፣ ክላንበሪንና ክላንገንፈርድን፣ አራቱን አብረው ይጠሩና ከፀሐይ በታች እንደነሱ ጸጥ ያለ ስፍራ የለም ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አዲስ አበባ ስኖር ውሻው፣ ቅዳሴው፣ አዛኑ፣ የሚኒባሱ ረዳት ጩኸት አለ። ለንደን ደግሞ አውቶቡሱና የአምቡላንሱ ሳይረን። እዚህ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጀርባ ሰው ሳለ። ወፍራም፣ የሽማግሌ ሳል። ደሜ ቀጥ አለ። በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፌ ቁጭ ብዬ አነጋሁት። ሲነጋ መስኮቱን ብከፍት ከአጥሩ ማዶ አንዲት በግ ቆማ ታየኛለች። እንደገና ሳለች።

በጎቹ ብዙ ናቸው። ፊታቸው ጠቆር ያለው፣ የአካባቢውን ስም የያዘው የክላን ፎረስት ዝርያ የወጣው ከዚሁ ነው። አባቴ የመንዝ ሰው ስለሆነ በግ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ዱላ የያዘ ልጅ ይፈልጋል። እዚህ የለም። ሜዳው ሁሉ በአጥር ተከፋፍሏል። አንድ ገበሬ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተርና አንድ ውሻ ብዙ መቶ በግ ያስተዳድራሉ። ጸጥታው ከየት እንደመጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማሳው ላይ ሰው የለም። የሚያንጎራጉር እረኛ የለም፣ ከጋራ ጋራ የሚጣራ የለም። ወጣቶቹም ቤት መግዛት ስላልቻሉ ወደ ከተማ ሄደዋል ብለው ያዝናሉ እናቶቻቸው። የቀሩት በብዛት ጡረተኞች ናቸው። ይህ ጸጥታ ሲያምር ሲያምር ያሳዝነኛል።

በመጀመሪያው ምሽት እማማ አንድ ትእዛዝ ሰጥተውኝ ነበር። «ጠዋት ስትነሺ ከሁሉ በፊት የወጥ ቤቱን መጋረጃ ክፈቺ» አሉኝ። ሻይ ሳልጥድ፣ መድኃኒታቸውን ሳልሰጣቸው ማለት ነው። ታኅሣሥ ላይ እዚያ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። መጋረጃውን ስከፍት ውጭው ድፍን ጨለማ ነው። ምን ይረባል ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። ግን አደረግሁት።

አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ሁለታችንም አረፈድን። 3 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሴትዮ ናቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ካፖርታቸውን ከሌሊት ልብስ ላይ ደርበው ነው የመጡት። «መጋረጃው አልተከፈተም» አሉኝ። ደህና መሆናችንን ነገርኳቸው። እሺ ብለው ከደጃፍ ተመለሱ። ግቡ ብላቸውም አልገቡም። እማማ ነገሩን ያስረዱኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ መበለቶች ለ11 ዓመት በየጠዋቱ አንዳቸው የሌላቸውን መስኮት ሲያዩ ኖረዋል። ተደዋውለው አያውቁም። መጋረጃው ከተከፈተ ሰውየዋ ነቅታለች፣ በሕይወት አለች ማለት ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ መንደሩን በሌላ ዓይን አየሁት። እኛ አገር ጎረቤት ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ድስት ከፍቶ አይቶ፣ ጨው አንሷል ይልሻል። ሦስት ሳምንት ማንም ሳይገባልን ሲቀር ሰዎቹን ቀዝቃዛ ናቸው ብዬ ፈርጄ ነበር። ለካ ሁሉም ነገር የሚቀመጠው ደጃፍ ላይ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት የተፈለጠ እንጨት አገኛለሁ። ሌላ ቀን ጋዜጣ። የቧንቧ ጋዝ ስለሌለ ቤቱ የሚሞቀው በቦቴ በሚመጣ ነጭ ጋዝ ነው፣ እኛ ላምባ የምንለው። እሱንም ዋጋው እንዲቀንስ ጎረቤታሞቹ ተሰብስበው ያዛሉ። አንዱ ይጽፋል፣ ሁሉም ይከፍላል።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ሳለ ደጃፍ ላይ ስድስት እንቁላል ተቀመጠልኝ። ቆሻሻው እንኳ አልታጠበም፣ ትኩስ ነው። ዝም ብዬ ብወስደው ውሸት መሰለኝ። ወረቀት ላይ «አመሰግናለሁ፣ እስከ ፋሲካ ግን እንቁላልና ወተት አልበላም» ብዬ ጽፌ አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ባሮ ሽንኩርትና ድንች መጣ። ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ድረስ አንድም ቀን የፍስክ ነገር አልመጣም። ማን እንደሆነ የሚያመጣው እስካሁን አላውቅም።

ግን ገጠሩን ማሞገስ ብቻ አልፈልግም። በጥር አንድ ሌሊት እማማ መታጠቢያ ቤት ወደቁ። ማንሳት አልቻልኩም፣ ማንሳትም አይፈቀድም። አምቡላንስ ጠራሁ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ትልቅ ሆስፒታል ሽሩውስበሪ ነው፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከአራት ሰዓት በላይ ጠበቅን። እማማ ቀዝቃዛው ወለል ላይ፣ እኔ አጠገባቸው ብርድ ልብስ እየደራረብኩ። መኪና የሌለው ሰው እዚያ እንዴት ይኖራል? አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፣ እሑድ የለም። እርጅናና ሕመም ግን የአውቶቡስ ሰዓት አይጠብቁም። ይህ ነገር ዛሬም ያናድደኛል።

የዚያን ሌሊት በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ ናቸው። በ9 ሰዓት ሌሊት መብራታችንን አይተው ነው። አሁን ግቡ አላልኳቸውም። ራሳቸው ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ፣ ከእማማ ራስ አጠገብ ተቀመጡ። እጃቸውን ይዘው ስለ አንድ የሞተ ውሻ ሲያወሩ አነጉ። አምቡላንሱ ሲመጣ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። አጥንት አልተሰበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በሚያዝያ አገሩ ተለወጠ። ግልገሎቹ ሜዳውን ሞሉት። ምሽት ላይ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። በሰው ማሳ መሃል የሚያልፍ የእግር መንገድ አላቸው፣ ቢጫ ቀስት የተለጠፈበት፣ ማንም እንዲሄድበት ሕግ የፈቀደው። የሚጠበቅብሽ የከፈትሽውን በር መዝጋት ነው። በወሩ መጨረሻ ድልድዩ ላይ በዓል አከበሩ። ቅጠል የለበሰው አረንጓዴ ሰው ከውርጭ ንግሥት ጋር ይዋጋል። እሱ ሲያሸንፍ በጋ ገባ ይባላል። እማማን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቼ ወሰድኳቸው። ያ ሁሉ ዝምተኛ ሰው ሲጮህ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሰኔ ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አትጠልቅም። በጨለማ የተከፈለው ሁሉ ተመለሰልኝ።

ውሌ ያለቀው በሐምሌ ነው። ተተኪዋ ልጅ ከአንድ ቀን በፊት መጥታ ሁሉን አሳየኋት፤ መድኃኒቱን፣ ማሞቂያውን፣ የአውቶቡሱን ሰዓት። እማማን የተሰናበትኳቸው ማታ ነው፣ ጠዋት እንዳልቀሰቅሳቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣዬን በሩ ጋ አደረግሁ። ነግቷል። ፊት ለፊት ያለው መስኮት ገና እንደተዘጋ ነው። ልጅቷ ተኝታለች፣ ስትነሳ ትረሳው ይሆናል። ተመልሼ ወጥ ቤት ገባሁና መጋረጃውን እስከ ዳር ከፈትኩት።