ስለቴን ላድርስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ያደረገልኝን በሰው ፊት እንድናገር ተስዬ ነበርና ይኸው ስለቴን ላድርስ። አስቀድሜ ግን አደራ እላለሁ፦ ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው እንዳይኖር። እኔ ክኒን ያቆምኩት ሐኪሞች በየወሩ ደሜን እያዩ ነው።

ሕመሜ የደም ካንሰር ነው፤ ሲኤምኤል ይሉታል፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት። መቅኔ ውስጥ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና ነጭ የደም ሴል ያለ ልክ እንዲበዛ የሚያደርግ ዘረ መል ይፈጠራል። ቀድሞ ብዙ ሰው የጨረሰ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢማቲኒብ የሚባለው ክኒን አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። አገር ቤትም በጥቁር አንበሳ ይህንኑ ክኒን በእርዳታ በነፃ እየወሰዱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖች አሉ።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ክኒኑ ምግብ ተበልቶበት፣ በብዙ ውኃ ይዋጣል፤ አለዚያ ሆድ ይረብሻል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ተጨንቄ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ገለጡና እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው አነበቡልኝ። «ማታ እህል ስትቀምሺ ዋጪው፤ ጠበሉንም ጠጪ» አሉኝ። እንዲሁ አደረግሁ። ዓይኔ ሥር ያብጣል፣ ሌሊት ባቴ ይሸማቀቃል፤ ቢሆንም በሽታው በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ ዓመታት ቆየ።

ሐኪሜ ስለ ጥናቱ ያነሣችልኝ ያኔ ነው፤ እንደ እኔ ደማቸው ጸድቶ የቆየ ሰዎች ክኒኑን ቢያቆሙ ምን እንደሚሆኑ የሚከታተል ጥናት። እህቴ ስትሰማ «መሞከሪያ ልትሆኚላቸው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ፈረንሳዮች ቀድመው 100 ሰው መዝግበው ሞክረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ውጤት፣ ዓመት ሙሉ ከተከታተሏቸው ከ10 ሰው ወደ 4ቱ ያህሉ በሽታው አልተመለሰባቸውም። እኔን ያሳመነኝ ግን የቀሩት ናቸው፤ የተመለሰባቸው ሰዎች ክኒኑን እንደገና ሲጀምሩ በሽታው መልሶ ተገታላቸው። የፈረምኩት አስተርጓሚ ገጽ በገጽ ካነበበልኝና በፈለግሁ ጊዜ መውጣት እንደምችል ካረጋገጥሁ በኋላ ነው።

ክኒኑ ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ትከሻዬና ጉልበቴ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። መጣብኝ አልኩ። ነርሷ ግን መድኃኒቱን ሲያቆሙ አንዳንዱን ሰው የሚያገኝ ሕመም እንደሆነ፣ ቆይቶም እንደሚተው ነገረችኝ፤ እንዳለችውም ተወኝ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ምርመራ ያ የበሽታው ዘረ መል በደሜ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚያሳየው ቁጥር ብቅ አለ፤ 0.008 በመቶ። ክኒን የሚያስጀምረው 0.1 ስለሆነ «እስከ ሚቀጥለው ወር እንጠብቅ» አሉኝ። ለእነሱ ቀላል ነው፤ ያን ወር የገፋሁት እኔ ነኝ። ምግብ አልበላ አለኝ፣ እንቅልፍ ጠፋ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳለች። እኔ አንድ ሌሊት ውዳሴ ማርያም ደግሜ ስጨርስ እንዲህ አልኩ፦ «ጌታዬ፣ ደሜን አጽዳልኝ። ክኒኑን መልሰህ ካስጀመርኸኝም ፈቃድህ ይሁን፤ ይህን ፍርሃት ግን አንሣልኝ።» ያን ሌሊት ተኛሁ። ከዚያ በኋላም እተኛ ነበር።

የቀጠሮው ቀን እንደ ወትሮው ነበር። ክብደት፣ ደም ግፊት፣ ትኩሳት አለ ወይ፣ ሌሊት ያልብሻል ወይ። ሐኪሟ ግራ ጎኔን ከጎድኔ ሥር ዳበሰች፤ ጣፊያ ማበጡን የምታየው እንዲያ ነው። ከዚያ ደም ተቀዳ። ውጤቱ የሚመጣው ቀናት ቆይቶ በስልክ ነው። ሲመጣ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከፍቼ ሳየው አልተገኘም ይላል። ዕቃ ክፍል ገብቼ ተንበረከክሁ፤ እልል እንዳልል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ሐኪሟ እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ብቅ ብሎ መልሶ መጥፋቱ የተለመደ እንደሆነ ነግራኛለች፤ አልደብቅም። የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ተአምሩ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ሁለት ነገር ለመንሁ፣ ሁለቱንም ሰጠኝ። ፍርሃቴ የሄደው ደግሞ ውጤቱ ሳይመጣ ነው፤ ይህን የሚለካ ምርመራ የለም።

ሌሎችም «ፈጽሞ ዳንሽ እስኪሉሽ ጠብቂና መስክሪ» ይሉኛል። አልጠብቅም፤ ነገ ቁጥሩ ከ0.1 ቢያልፍ ክኒኔን እጀምራለሁ፣ ያን ቀንም የማመሰግነው ይህንኑ አምላክ ነው። እናቴ ለታኅሣሥ 19 ጥላውን ገዝታ ጨርሳለች። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ የክርስትና ስሜን የምታውቁ በጸሎት አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።