ስሙ ለሰው፣ ጭንቀቱ ለእኔ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ምክንያቱን በውል ያላወቅሁት መከፋት ተጭኖኝ ዋለ። ምናልባት ጋሼ ትናንት የተናገሩት ነገር ውስጤ ቀርቶ ይሆናል። ልገዛው ስላሰብኩት መኪና ሳማክራቸው ሳያቋርጡ አዳመጡኝና መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ አንቺ እዚህ ደረጃ ደርሰሽ ሰው ዞር ብሎ በማያየው መኪና ስትሄጂ ማየት አልሻም» አሉኝ። በፍቅር እንደተናገሩት አልጠራጠርም። ባለቤቴ ደግሞ የራሱን ፍርድ ከሰጠ ሰንብቷል፤ «መንገድ ላይ የማይጥልሽን ግዢ» ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመልሷል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ቢሆንም ጋሼ መኪናውን ከውጭ፣ ባለቤቴ ደግሞ ከውስጥ ሆነው እንደሚያዩት ያስተዋልኩት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራም አልሠራሁ።

የቀረኝ በሁለት ያገለገሉ መኪኖች መካከል መምረጥ ነው። አንደኛው ስሙ ሲጠራ የሰው ፊት የሚለዋወጥለት የጀርመን መኪና ነው። ሁለተኛው የጃፓኑ ቶዮታ የሚሠራው ቅንጡ መኪና፣ ሌክሰስ ነው። የጀርመኑን የሚወዱ ሰዎች ስለ መሪው ስሜት፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ በሩ ሲዘጋ ስለሚያሰማው ድፍን ያለ ድምፅ አውርተው አይጠግቡም። የሌክሰስ ባለቤቶች ግን «አያስቸግርም» ይሉና ዝም ይላሉ። ለአንድ ቅንጡ መኪና የሚሰጠው ትልቁ ምስጋና ምንም አለመሆኑ ከሆነ እንዲህ ያለው ምስጋና እንዴት ልብ ያሞቃል? አስተማማኝነት ዓይን የሚገባ ነገር አይደለም፤ ያልተበላሸን ነገር ቆሞ የሚያደንቅ ሰው አላየሁም።

ይሁን እንጂ ስምና አስተማማኝነት ከጥንት ጀምሮ የተለያዩ አልነበሩም። አውቶሞቢል ገና የሀብታም መጫወቻ በነበረበት ዘመን ክብር የሚገኘው ሳይበላሹ በመድረስ ነበር። ሮልስ ሮይስ ስሙን የተከለው እ.ኤ.አ. በ1907 «ሲልቨር ጎስት» የተባለችውን መኪና በለንደንና በግላስጎው መካከል እያመላለሰ፣ በብሪታንያ ንጉሣዊ የአውቶሞቢል ክለብ ታዛቢዎች ፊት 15,000 ማይል፣ ማለትም 24,000 ኪሎ ሜትር ያህል አስኪዶ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ በብዛት የሚነገርላት ችግር የነዳጁ መክፈቻ በንዝረት ተዘግቶባት አንድ ጊዜ መቆሟ ነው። በመኪናዎቹ አፍንጫ ላይ ልብሷ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ የምትታየው ሴት ሐውልት የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1911 ነው። ዝናው ቀደመ፣ ጌጡ ተከተለ ማለት ነው። በ1908 ደግሞ ያው ክለብ ሦስት የካዲላክ መኪኖችን ብሩክላንድስ በተባለው የመወዳደሪያ ስፍራ አስፈትቶ፣ ዕቃዎቻቸውን እርስ በርስ አቀላቅሎ፣ ከአንዱ ክምር ሦስቱንም መልሶ አስገጠማቸው፤ ሦስቱም ተነሥተው 500 ማይል ሄዱ። ካዲላክም በዚህ የተነሣ የዲዋር ዋንጫን ተሸለመ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ቆዳ ወንበር የተወራ ነገር የለም።

መርሴዲስም ቢሆን ባለኮከብ ሆኖ የተከበረው በጌጡ ብቻ አይደለም። አንድ ግሪካዊ የታክሲ ሹፌር የ1976 ሥሪት የሆነች 240ዲ መኪናውን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ በ2004 ለኩባንያው ሙዚየም አስረክቧታል። የዚያች መኪና ሞተር ቀርፋፋ የናፍጣ ሞተር ነው፤ በትራፊክ መብራት ላይ ማንንም አይቀድምም። ዛሬ ያንን ኮከብ አይተው ወገባቸውን ሰበር የሚያደርጉ ሰዎች እጅ የሚነሱት፣ ሳያውቁት፣ ለዚህ ዓይነቱ ድካም ይመስለኛል። አሁን ክብር ብለን የምንጠራው ነገር የድሮ አስተማማኝነት የተወው ውርስ ሳይሆን አይቀርም፤ ውርሱ በወራሾቹ እጅ ምን ያህል እንደቀረ ግን ምልክቱን ብቻ አይቶ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ስምንና አስተማማኝነትን ምን ለያያቸው? እንደ እኔ ግምት የለያያቸው ምቾት ነው። ኩባንያዎቹ በምቾት መፎካከር ሲጀምሩ እያንዳንዱ ምቾት የራሱን ቱቦ፣ የራሱን ሴንሰርና የራሱን ትንሽ ሞተር ይዞ መጣ። ከእኛ በር ፊት ለፊት የምትቆመውን መኪና ውሰዱ (የማን እንደሆነችም ሆነ ምን ዓይነት እንደሆነች አልናገርም)። ማታ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጠዋት ስትታይ የፊት ቀኝ ጥጓ መሬት ሊነካ ተቃርቦ፣ ጎማው በፓራፋንጎው ተውጦ፣ አንድ ጉልበቷን አጥፋ እንደተንበረከከች ትገኛለች። ባለቤቷ በሙሉ ልብስ ይወጣሉ፤ ሞተሩን ያስነሣሉ፤ ከሥር የኮምፕረሰሩ ጉርምርምታ ይሰማል፤ መኪናዋም ቀስ በቀስ ትነሣለች። እሳቸው ያንን ጊዜ የሚያሳልፉት ስልካቸውን የሚያነቡ መስለው አጠገቧ ቆመው ነው። ብረት ሞላ መሆን በሚገባው ቦታ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ተተክቷል፤ ጎማው በዕድሜ ብዛት በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቅና ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ያስተነፍሳል። የጎደለውን ለመሙላት ኮምፕረሰሩ ከተሠራበት ልክ በላይ ይለፋል፤ ውሎ አድሮም እሱ ራሱ ይቃጠላል። በጊዜው ያልተቀየረ አንድ ከረጢት ሁለት ብልሽት ይሆናል።

መኪናዋ አዲስ በነበረችበት ጊዜ ይህ ሁሉ አልነበረም። ከረጢቶቹ ለስላሳ ነበሩ፤ ዋስትናውም ገና ነበረ፤ የመጀመሪያው ባለንብረት ክብሩን ሙሉ በሙሉ ተጠቅሞ በጊዜ ሸጧታል። ሁለተኛው ገዢ ስሙን በግማሽ ዋጋ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ የመለዋወጫው ዋጋ ግን ዝንፍ አይልለትም፤ ያው የአዲሲቱ መኪና ዋጋ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ቅንጡ መኪኖች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋጋቸው የሚወርደው ገበያው ስለማያከብራቸው አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ወጪ አስቀድሞ ከዋጋቸው ላይ ስለሚቀንስ ነው። እኔም ሁለተኛ ገዢ ነኝ። ለጋሼ ይህን ሁሉ ብነግራቸው ግን «እሱንማ መካኒክ ይሠራዋል» ነው የሚሉኝ፤ እውነትም መካኒክ ይሠራዋል።

ስለ ሌክሰስም ትንሽ ልበል። የቶዮታው ሊቀመንበር ኤይጂ ቶዮዳ በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ መኪኖች ጋር የሚፎካከር መኪና መሥራት እንችላለን ወይ የሚለውን ጥያቄ ለባልደረቦቻቸው ያቀረቡት በ1983 ነበር፤ የመጀመሪያው ትልቁ ሌክሰስ፣ ኤልኤስ 400፣ ለሕዝብ የታየው በጥር 1989 በዲትሮይት ነው። በማስታወቂያው ላይ መኪናው በሮለር ላይ በከፍተኛ ፍጥነት እየሮጠ ሳለ በኮፈኑ ላይ ተደራርበው የተቆለሉት የሻምፓኝ ብርጭቆዎች አይነቃነቁም። እኔን የሚማርከኝ ግን የብርጭቆው ሳይሆን የዚያው ዓመት የታኅሣሥ ወር ታሪክ ነው። ሁለት ደንበኞች ስለ ፍሬን መብራትና ስለ ፍጥነት መጠበቂያው ቅሬታ አቀረቡ፤ ኩባንያውም የተሸጡትን 8,000 ያህል መኪኖች በሙሉ ጠራ። ከየባለቤቶቹ ቤት መኪናዎቹን ወስዶ፣ ጠግኖ፣ አጥቦና ነዳጅ ሞልቶ መለሳቸው። አዲስ የተባለ ስም ሊጠፋበት ይችል የነበረው ወር ስሙ የተተከለበት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ይህ ስም በራሱ ክብር ሆኗል፤ ጋሼ ገና አልሰሙም እንጂ።

ደግሞም የአስተማማኝነቱን ሥሌት ጠለቅ ብዬ ሳየው እሱም እንደመሰለኝ ንጹሕ አይደለም። ጄ. ዲ. ፓወር የተባለው የአሜሪካ የገበያ ጥናት ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት የሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን መኪኖች ባለቤቶች ያጋጠማቸውን ችግር ጠይቆ፣ ውጤቱን ለ100 መኪና ስንት ችግር እንደሚደርስ አድርጎ ያስቀምጣል። በዚህ ቆጠራ ስልክ ከመኪናው ጋር አልገናኝ ማለቱም አንድ ችግር ነው፤ ማርሹ በመንገድ መካከል መያዙም አንድ ችግር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ቅሬታ የሚቀርበውም በስክሪኑና በሶፍትዌሩ ላይ ነው። ደረጃውን እያነበብኩ አንዱን ብራንድ ከፍ ሌላውን ዝቅ ሳደርግ፣ የማወዳድረው ምናልባት ብሉቱዝን ከብሉቱዝ ጋር ይሆናል። ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አለ። የማይበላሽ መኪና የገዛ ሰውም ይኮራል፤ የእሱ ኩራት ደግሞ ከሁሉም አሰልቺ ነው። «እኔ በስም አልታለልም» የሚል ሰው ዐሥር ደቂቃ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያውቃል? ባለቤቴን ማለቴ አይደለም (እሱንም ማለቴ ነው)።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የቶዮታ ሴንቹሪን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፤ ልገዛው እንደማልችል እያወቅሁ። መኪናው ከ1967 ጀምሮ ይሠራል። ከ1997 እስከ 2017 በተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ላይ 5 ሊትር መጠን ያለው ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ተገጥሞለት ነበር፤ የሞተሩ ሁለት ወገኖች መቆጣጠሪያቸው ለየብቻ በመሆኑ አንደኛው ቢታመም በሌላኛው መጓዝ እንዲቻል ታስቦ ነው የተሠራው። ወንበሮቹ በአብዛኛው የሚሸፈኑት በሱፍ ጨርቅ ነው፤ ምክንያቱም ቆዳ ሰው ሲንቀሳቀስበት ድምፅ ያሰማል። የጃፓን ንጉሠ ነገሥት የሚሄዱበት መኪና ሆኖ ሳለ ጎኑ ሲታይ የጡረተኛ መኪና ይመስላል። አለመታየትን እንደ ክብር፣ አለመቆምን እንደ ሥርዓት አድርጎ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ፣ ስለ ሱፍ ጨርቁ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ አነበብኩ። የራሴን ምርጫ በዚያ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜም አላሰብኩትም።

ከዚያ በኋላ ነው ራሴን ቀላል የመሰለ ጥያቄ የጠየቅሁት። ማንም ሰው ፈጽሞ ባያየኝ፣ ጋሼም ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም ባይኖሩ፣ ባዶ መንገድ ላይ ብቻዬን ብሄድ የትኛውን እነዳለሁ? መልሱ ሌክሰስ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ተመልካች ከሌለ ስም ምን ያደርጋል? ነገር ግን ዓይኔን ጨፍኜ ሳስበው እጄ የጨበጠው የጀርመኑን መሪ ሆኖ አገኘሁት። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የፊት ጎማዎቹ የሚረግጡትን እያንዳንዱን ነገር ለመዳፌ ሲነግሩኝ ተሰማኝ፤ የበሩም ድፍን ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ይህ ለማን ይታያል? ለማንም። ለካ ክብር ብዬ ስንቀው የሰነበትኩት ነገር ግማሹ የራሴ ደስታ ኖሯል፤ አስተማማኝነት ብዬ ያሞገስኩት ደግሞ ከፊሉ መንገድ ዳር ቆሜ ሰው እንዳያየኝ የመፍራቴ ነገር ነው። ተሰብሮ የቆመ መኪና ለሾፌሩ የሚያስከትለው ወጪ ብቻ አይደለም፤ የአላፊ አግዳሚውን ዓይንም ያስከትላል። እንዲያ ከሆነ ለሰው ዓይን የሚጨነቀው ባለቤቴ፣ ለራስሽ ኑሪ የሚሉኝ ደግሞ ጋሼ ሊሆኑ ነው።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ተገለበጠብኝና ማስተካከል አቃተኝ። ማንም አያየኝም ብዬ ያሰብኩትን ይህን ሐሳብ ደግሞ እናንተ እንድታነቡት ቁጭ ብዬ እየጻፍኩት ነው፤ ቃላቱንም ሁለት ጊዜ አስተካክያለሁ። ለመሆኑ ለራሴ ብቻ ብዬ የመረጥኩት አንድ ነገር እንኳ ይኖር ይሆን?