ሶስት ፋን ሁለት ጭስ ማውጫ፣ የሌለ ባቡር ሰርቼ ቁጭ

ስሰራት የቆየሁት የአሜሪካዊቷ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ (ባቡር ጎታች) የጂፒ40-2 ሞዴል አለቀች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ኤችኦ በሚባለው የሞዴል መጠን ናት፣ 1፡87፣ እውነተኛው 18 ሜትር የሚሆነው ሎኮሞቲቭ ጠረጴዛዬ ላይ 20.7 ሳንቲሜትር ሆኖ ቁጭ ብሏል። ማታ ጣራዋን ከፎቶ ጋር ሳስተያይ ነው ጉዴ የወጣው፣ ራዲያተሩ ላይ ሶስት ፋን፣ ጭስ ማውጫው ግን አንድ መሆን ሲገባው ሁለት! ለካ ስሰራ የማየው ፎቶ የጂፒ38-2 ነበር። ሁለቱም በ1972 (እ.ኤ.አ.) የወጡ የአሜሪካው ሎኮሞቲቭ ፋብሪካ የኢኤምዲ ስራዎች ናቸው፣ ርዝመታቸውም እኩል ስለሆነ ከሩቅ ያሳስታሉ።

ለምን እንደሚለያዩ ሳነብ ነው ነገሩ የጣመኝ። የሁለቱም ሞተር ያው ባለ 16 ሲሊንደሩ 645 ነው (ቁጥሩ የአንዱ ሲሊንደር ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ነው፣ ወደ 10.6 ሊትር፣ አንዱ ብቻ!) ግን 38ቱ 2000 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ 40ው 3000 ያወጣል። ልዩነቱ ቱርቦ ነው፣ በጭሱ ግፊት እየዞረ ሞተሩ ውስጥ አየር የሚያስገባው። ሞተሩ ቱ-ስትሮክ ስለሆነ ፒስተኑ እንደ መኪና ሞተር አየር ራሱ አይስብም፣ የሚገፋለት ይፈልጋል። 38ቱ ላይ በሞተሩ የሚዞር ብሎወር ነው የሚገፋው፣ 40ው ላይ ደግሞ ቱርቦ፣ ስለዚህ ጭሱ በሙሉ ቱርቦው ውስጥ አልፎ በአንድ ትልቅ ቀዳዳ ይወጣል። ጉልበቱ ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል፣ ሶስተኛዋ ፋን የመጣችው ለዛ ነው።

በጣም የወደድኩት ግን ቱርቦው በማርሽ ጥርስ ከሞተሩ ጋር መያያዙን ነው። ሞተሩ ቀስ ሲል ጭሱ ቱርቦውን ለማዞር አቅም የለውም፣ ስለዚህ ሞተሩ ራሱ ያዞርለታል፣ ጭሱ ሲበረታ ደግሞ ክላቹ ይለቅና ቱርቦው በራሱ ይሄዳል፣ ልክ ሳይክል ላይ ፔዳል መምታት ስታቆሙ ጎማው ብቻውን እንደሚሄደው።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ጭስ ማውጫዎቹን ያጣበቅኳቸው በሱፐር ግሉ ነበር። አሴቶን እንዳትሞክሩ፣ ፕላስቲኩን ነው የሚያቀልጠው። አካሏን ብቻ ፈትቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኳት፣ ሙጫው ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል፣ ጠዋት በላሜታ ጫፍ ቀስ ብዬ ስነካው አንዱ ጠቅ ብሎ ተነሳ። ሁለተኛው ግን የጣራውን ቅርፊት ይዞ ተነሳ። ስቱኮ ሞላሁበት፣ አደረቅኩት፣ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከርኩ ፈገፈግኩት፣ ቀለም ሳይቀባ ጠባሳው አሁንም ይታያል።

አንዳንድ የባቡር ድርጅቶች ያረጁ ጂፒ40ዎችን ቱርቧቸውን አውጥተው እንደ 38 አድርገዋቸዋል፣ ስለዚህ "ያቺ ናት" ብዬ መሸወድ እችል ነበር፣ ሃሃ። ግን የኔዋ ከፋብሪካ እንደወጣች እንድትሆን ነው የፈለግኩት እና አላስቻለኝም።

አሁን ትልቁ ጭስ ማውጫ ቦታው ገብቷል። የቀረኝ ቀለም እና ድምፅ ነው፣ ዲኮደሩ (ሞዴሏ ውስጥ ያለችው ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ሰርኪት) ላይ የጫንኩት የ38ቱን ድምፅ ስለነበር ስትነሳ ያ የቱርቦ ፉጨት የለም፣ ሳላውቀው ስንት ወር በኩራት ሳሰማት ኖሬያለሁ። ፋይሉን ቀይሬ እስካሁን አልሞከርኳትም፣ ስፈታት የግራ መደገፊያ ሽቦዋን ሰብሬዋለሁ፣ መጀመሪያ እሱን ልጠግን።