ላዳዋ ከኋላ ስትንኳኳ

ላዳ ላይ የሠራ ሜካኒክ ያውቀዋል፤ ላዳ ድምፅ ካላሰማች ነው የሚያስፈራው። የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየቷ ቶሊያቲ የተመረተች፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ቤተሰብ ያስተዳደረች መኪና ናት። የኋላ አክሰሏን፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን ብረት፣ አምስት ዘንግ ብረቶች ይይዙታል። አራቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ፣ አምስተኛው አግድም ተኝቶ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት። የኛ ጣጣ የመጣው ከአምስተኛው ነው።

ባለ ታክሲው በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጋራዣችን የመጡት ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የገዟቸውን ሁለት የኋላ ሾክ አብዞርበሮች ይዘው ነው።

«ሾኩ ሞቷል ልጄ። ግጠምልኝና ልሂድ፤ ሥራ ፈትቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ማን ነው ሞቷል ያለዎት?»

«ከኋላ ቀኝ ጎማው ጋ ቋ ቋ ይላል። ሌላ ምን ይሆናል?»

ደንበኛ ዕቃ ገዝቶ ሲመጣ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ብዙ ጋራዥ ዝም ብሎ ይገጥምና የእጁን ይቀበላል፤ ድምፁ ሲመለስ ሌላ ዕቃ ያስገዛል። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው የሚደኸየው በመኪናው እርጅና ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ባለው የግምት ሥራም ነው።

የኋላ ጥጓን ተጭኜ ለቀቅኳት። አንዴ ተነስታ ተቀመጠች፤ ሾኩ ቢሞት ኖሮ ደጋግማ ትወዛወዝ ነበር። ሾኮቹ ላይ የዘይት ጠብታ የለም። ስለዚህ ጋሼ እንዲነዱ አድርጌ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ኮብልስቶን ላይ ሁሉም ነገር ይንኳኳል፤ እዚያ ጆሮ አይታመንም። ለስላሳ አስፋልት ላይ ወጥተን መንገዱ ጭር ሲል «መሪውን ቀስ እያሉ ግራ ቀኝ ያድርጉት» አልኳቸው። መሪው አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር «ቋ!» አንዴ ብቻ። ጉድጓድ የለም፣ ጎማው አልዘለለም፤ በሾክ የሚሳበብበት ምክንያት የለም። አካሏ ወደ ጎን ሲጋደል ብቻ የሚላወስ ነገር አለ ማለት ነው።

ተመልሰን ከመሥሪያ ጉድጓዳችን በላይ በአራት እግሯ አቆምናት። በክሪክ አላነሳናትም፤ ክብደቷ ጎማው ላይ ካላረፈ የላላው ቦታ ሊደበቅ ይችላል። ረዳቴ ከላይ በትከሻው እየገፋ ሲያወዛውዛት፣ እኔ ከሥር ሆኜ ጣቴን በየመገጣጠሚያው አሳረፍኩ። በዓይን ምንም አይታይም። አግድሙ ብረት አካሏ ላይ የሚታሰርበት ጫፍ ስደርስ ግን ጣቴን መታ መታ አደረገኝ። ቀረብ ብዬ በባትሪ ሳየው ዙሪያውን ጭቃው ተራግፎ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። ሲፋተግ ነው የከረመው። ድምፁ በላሜራው ተጉዞ ጋሼ ጆሮ ሲደርስ የጎማው መስሏል።

በ19 ቁልፍ ጀመርኩት፤ ቡሎኑን የሚያስረው ዳዶ በእጅ ሊዞር ምንም አልቀረውም። ዳዶው እንዳይላላ የሚነክሰው ሮንዴል የለም። ብረቱ ጫፍ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አዲስ ነው፣ ውስጡ ግን ተቀዷል።

«ከክረምቱ በፊት ነው እኮ ያስቀየርኩት!» አሉ ጋሼ።

እውነታቸውን ነው። ጎሚኒ ሲያዩት ተራ ጎማ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ግን የብረት ቱቦ አለው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ብረቱን በያዘው ማቀፊያ ውስጥ ይነክስና አይዞርም። አክሰሉ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠማዘዘው ጎማው ብቻ ነው። እንግዲህ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ አክሰሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው ከጠበቀ፣ መሬት ስትወርድ የጎሚኒው ጎማ እንደተጠማዘዘ ይቀራል። ቆማ እንኳ አያርፍም። መንገድ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠመዘዛል፤ ዕድሜው ያጥራል።

ጥርጣሬ ብቻ እንዳይሆን የሌሎቹን አራት ብረቶች ዳዶ፣ መኪናዋ በጎማዋ እንደቆመች፣ አንድ በአንድ አላላናቸው። ሁለቱ ላይ ቁልፉ ዞር ሲል ጎሚኒው «ጥርቅ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ረዳቴ ሳቀ። እነሱም ተንጠልጥለው ነበር የጠበቁት።

አግድሙን ብረት አውጥተን በሁለቱም ጫፍ አዲስ ጎሚኒ አስገባን። ቡሎኑ በፍትጊያ ስለቀጠነ ቀየርነው። የማቀፊያው ቀዳዳ ደግነቱ አልሰፋም፤ ቢሰፋ ኖሮ ሥራው የበያጅ ይሆን ነበር። ዳዶውን ከነሮንዴሉ በእጅ አስያዝን፣ አካሏን ጫን ለቀቅ አድርገን አሳረፍናት፣ ከዚያ አጠበቅን።

«ጉድጓድ የሌለበት ጋራዥስ?» አለ ረዳቴ።

«በእጅህ አስይዘህ ታወርዳታለህ። ከዚያ ሥሯ ተኝተህ ታጠብቃለህ።»

«ቦታው አይበቃም እኮ።»

«ጎማዎቿን ጠንካራ ሳንቃ ላይ ታወጣቸዋለህ። ክሪክ ብቻውን ተሸክሟት ግን ሥሯ እንዳትገባ።»

ዳዶውና ማቀፊያው ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ቢላላ መስመሩ ይሰበራል። ጋሼ በሳምንቱ ለማሳየት ሲመለሱ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። ላዳ ናትና ሌላ ድምፅ ይዛ መጥታለች፤ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ያንጠለጠለው ጎማ ተበጥሷል። እሱን እንኳ ጎንበስ ብለን ብቻ አየነው።