ነጠላ ስለሚለው ስም

ሰሞኑን ነጠላ የሚለው የልብስ ስም ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ዘወትር ከአፋችን የማይጠፋ ቃል ስለሆነ ትርጉሙን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ነጠላ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ነጠላ ዜማ ስንል ያው ቃል ያልተደረበ፣ ለብቻው የቆመ ነገርን ያመለክታል። ትግርኛ ተናጋሪዎች ይህንኑ ልብስ ነጸላ ይሉታል፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጾም ጦም እንደሚባለው ሁሉ የእነርሱ ጸ በእኛ ዘንድ ጠ ሆኗልና ሥሩ አንድ ነው።

ግር የሚያሰኘው ልብሱን ሲዘረጉት ነው። ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ሸማ ወርዱ ጠባብ በመሆኑ፣ አንድ ነጠላ የሚገኘው ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ሲሰፋ ነው፤ የመካከሉን ስፌት በጣት ዳብሶ ማግኘት ይቻላል። እንግዲህ ስሙ የሚቆጥረው ወርዱን ሳይሆን ድርቡን ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ ብርድ ሲመክት፣ ነጠላ ስስ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። ስሙን ያወጡት ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንደሆኑ አምናለሁ፤ ጥጡን ዳምጣ የፈተለችው ሴትና ድሩን የዘረጋው ሸማኔ ልብሱን የሚለዩት በውፍረቱ ነውና።

ስሙ ስለ ውፍረት ብቻ ይናገር እንጂ አለባበሱ ሌላ ብዙ ነገር ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መስቀለኛ አጣፍተን እንገባለን። ለቅሶ ሲሆን ግን ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ከታች ይታይ የነበረው ጥለት ወደ አንገት ይወጣል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰውም አንዲት ቃል ሳይጠይቅ ሐዘን እንደ ደረሰ ይረዳል። ያለ ድምፅ ይህን ያህል የሚናገር ሌላ ልብስ አላውቅም።

እናቴ አዲስ ነጠላ በተገዛ ቁጥር ከጫፉ የተረፈውን ድር ጥቂት ጥቂቱን እየለየች በመዳፏ ታከረዋለች፤ ከዚያም ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዛ ጫፉን ትቋጥረዋለች። ይህ መቋጨት ይባላል፤ ነገር ተቋጨ የምንለውም ከዚሁ ሥራ የመጣ ይመስለኛል። ዛሬ በሰው ሠራሽ ክር በፋብሪካ የተሠራውም ነጠላ ተብሎ ይሸጣል። ዋጋው ስለሚቀል የሚገዛውን ሰው አልወቅስም፤ እኔ ግን ለመጪው ጥምቀት የምለብሰውን ሽሮ ሜዳ ወርጄ፣ ጥለቱን ራሴ መርጬ፣ ከሸማኔ አሠራለሁ።